የአሳዎቼ ጭራ እየተበላ ነው፣ ቴትራሳይክሊን ብሰጣቸው ባሰባቸው

የፒያሳው አባት፣ ደሴ

ሰላም እንዴት ዋላችሁ። አሳ የምታሳድጉ ሰዎች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ከትናንት ጀምሮ ከአኳሪየሙ አጠገብ አልነሳም ብላለች።

60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። ሁለት ጎልድ ፊሽና አራት ጉፒ አንድ ዓመት ሙሉ በሰላም ኖረውበታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ለልጄ አራት ጉፒና አንድ ጥቁር ሞሊ ገዛሁላት። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፌስታል ውስጥ ነበሩ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ እንዳይነካቸው ጃኬቴ ውስጥ አቅፌያቸው ነው ያለፍኩት። ቤት ስንደርስ በጣም የደከሙ መሰለኝ። ቶሎ ይረፉ ብዬ ከነውሃቸው አኳሪየሙ ውስጥ ገለበጥኳቸው።

በአራተኛው ቀን የአንዱ አዲስ ጉፒ ጭራ ጫፉ ነጣ። በማግስቱ ተሰነጣጥቆ ልክ እንደ ጋቢ ዘርፍ ተንጠለጠለ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። እኔም ቆሻሻ ነው ብዬ ሁሉንም ነገር አጠብኩ። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፋሁት፣ ጠጠሩን በፈላ ውሃ አጠብኩ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ነጭ እስኪሆን ድረስ ቧንቧ ስር አሸሁት። ያን ቀን ውሃ ከአምስት ቀን በኋላ መምጣቱ ነበር። በረኪና በረኪና ይሸታል። ግን አሳዎቹ ባልዲ ውስጥ ስለነበሩ ቸኩዬ ሞላሁት።

ከዚያ ፋርማሲ ሄጄ ባለ 250 ሚሊ ግራም ቴትራሳይክሊን አራት ፍሬ ገዛሁ። ካፕሱሉን እየከፈትኩ ውሃው ላይ በተንኩት። ውሃው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ በማግስቱ ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ፣ ላዩ ላይ አረፋ ያዘ። ሦስት ጉፒዎች ሞቱ። ሁለቱ ከነባሮቹ ናቸው። ትልቁ ጎልድ ፊሽ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ጭራው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ወጥቶበታል።

አንድ ወዳጄ አሞክሲሲሊን ጨምርበት አለኝ። ልጨምር? ወይስ ሌላ የምታውቁት መድኃኒት አለ? የተረፉትን ማዳን እፈልጋለሁ፣ ለወደፊቱም እንዳይደገም ምን ላድርግ?


ጦሳ ስር፣ ደሴ

አብሽር ወንድሜ። አሞክሲሲሊኑን እንዳትጨምር። ሌላም ምንም መድኃኒት እንዳትጨምር።

የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያመማቸው ባክቴሪያ ነው፣ እሱ ላይ አልተሳሳትክም። አሁን እየገደላቸው ያለው ግን ውሃው ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካወቅከው ሁለተኛ አይደገምም።

አሳ አሞኒያ ይለቃል፣ በስንጥቡም (በሚተነፍስበት) በኩሱም። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ያ የፊልተር ስፖንጅ ቆሻሻ መያዣ ብቻ አይደለም። ውስጡ ደግ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም ለአሳ መርዝ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ናይትሬት ደግሞ ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በቅጡ እስኪደራጁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የአንተ ዓመት ሙሉ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ጠጠሩን በፈላ ውሃ፣ ስፖንጁን በክሎሪን ውሃ ስታጥብ አለቁ። ያመለጡ ካሉም መድኃኒቱ አይምራቸውም። ስለዚህ ዛሬ ያለህ አኳሪየም፣ ዓመት ቢሞላውም፣ እንደ አዲስ ነው። አሳዎቹ የራሳቸው መርዝ ውስጥ ነው የሚዋኙት።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። የተቀመጠ ውሃ አለህ? ባልዲ ወይም ሳፋ ውስጥ ክፍቱን አንድ ቀን ያደረ ከሆነ ክሎሪኑ ወጥቶለታል። በተዘጋ ጀሪካን የተቀመጠ ከሆነ ግን አትመነው፣ አፉ ጠባብ ነው፣ ክሎሪኑ እዚያው ይቀራል። ምንም ከሌለህ ትልቅ ድስት ውሃ አፍላና ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዘው። ሲፈላ ክሎሪኑም ይወጣል፣ አየሩም አብሮ ይወጣል፣ ስለዚህ ከቀዘቀዘ በኋላ ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው ከፍ አድርገህ ደጋግመህ ገልብጠው፣ ልክ ሻይ እንደምናቀዘቅዘው። ከዚያ የአኳሪየሙን ግማሽ ውሃ ቀይር። የሙቀቱ ልዩነት እንዳይበዛ ተጠንቀቅ። ነገና ከነገ ወዲያ ደግሞ ሢሶ ሢሶውን ትቀይራለህ።

ኤር ፓምፕ ካለህ ሌሊትም ቀንም አይጥፋ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንደዚያው ይቀንሳል። ጠረፍ ላይ ባለ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርህም። ስንጥቡ የተቃጠለ አሳ ደግሞ ከሁሉም በላይ አየር ነው የሚያስፈልገው። ጎልድ ፊሽህ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተው ለዚህ ነው።

ሁለት ቀን አታብላቸው። አይርባቸውም፣ ትልቅ አሳ ሳምንትም ይችላል። ያልበላ አሳ የሚለቀው አሞኒያ ያንሳል።

ከዚያ ጨው። ተራ የወጥ ጨው ይበቃል፣ ቅመም የተቀላቀለበት ብቻ አይሁን። ለ1 ሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ነው። 60 ሊትር ብትልም ጠጠሩ ቦታ ስለሚይዝ 50 ብለህ አስላ። ዛሬ 50 ግራም፣ ነገ 50 ግራም፣ በሊትር 2 ግራም ይሆናል። ሚዛን ከሌለህ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ 15 ግራም ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ ሦስት ማንኪያ ከትንሽ። መጀመሪያ ጆግ ውስጥ በደንብ አሟሟው፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ፊልተሩ አጠገብ አፍስሰው። ፍሬውን አሳው ላይ እንዳትበትነው፣ የነካበትን ቦታ ያቃጥለዋል። ጨው እንደ ውሃ አይተንም። ስለዚህ 20 ሊትር ከቀየርክ የምትጨምረው የ20 ሊትሩን 40 ግራም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ጨው ባክቴሪያን አይገድልም፣ በዚህ መጠንስ አይገድልም። ግን ናይትራይት በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል፣ ለታመመ አሳም ድካሙን ይቀንስለታል። ጎልድ ፊሽም ጉፒም ሞሊም ይችሉታል። ኮሪዶራስ የሚባለው ትንሽ አምባዛ መሰል አሳ ካለህ ግን ንገረኝ፣ እሱ ጨው አይወድም።


የፒያሳው አባት፣ ደሴ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ኮሪዶራስ የለኝም። ሳፋ ውስጥ ከትናንት ጠዋት የተቀመጠ ውሃ ነበር፣ ለልብስ ብለን ያስቀመጥነው፣ ሳሙና ያልነካው። ግማሹን ቀየርኩ። ጨውም አደረግኩ። ውሃው ትንሽ ጠራ። ጎልድ ፊሹ አሁንም ላይ ነው ያለው ግን አፉን የሚከፍተው ቀስ ብሎ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ መድኃኒት ካልሰጠኋቸው ጭራው እየተበላ አይሄድም?


የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ደሴ

ወንድማችን ጦሳ ስር የጻፈውን እኔም እደግፋለሁ። የመድኃኒቱን ነገር ልጨምርበት፣ ብዙ ሰው ክሊኒክ መጥቶ የሚጠይቀኝ ስለሆነ።

ጭራና ክንፍ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ከውጭ የመጡ እንግዶች አይደሉም። ኤሮሞናስ የሚባለው ለምሳሌ በማንኛውም አኳሪየም፣ በማንኛውም ወንዝ ውስጥ አለ። ጤነኛ አሳ አጠገቡ እየኖረም አይታመምም። ቆዳው ላይ ያለው የሚያዳልጥ ልጋግ ይከላከልለታል። ውሃው ሲበላሽ፣ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅበት፣ ሲጨናነቅ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ፌስታል ውስጥ ሲንገላታ ልጋጉ ይሳሳል፣ አቅሙም ይደክማል። ያኔ ባክቴሪያው ገብቶ መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ጅምር ላይ ያለ የጭራ መበስበስ በንጹሕ ውሃና በጨው ብቻ ብዙ ጊዜ ይድናል። ሌላ ሕክምና እስክናገኝ የሚሰጥ ማስታገሻ እንዳይመስልህ። ዋናው ሕክምና ይኸው ነው።

አሞክሲሲሊን ለምን አይሆንም ላልከው፣ አሳ የሚያጠቁ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያላቸው ናቸው። የፔኒሲሊን ዘሮች ብዙዎቹን አያሸንፏቸውም። ያለ ጥቅም ፊልተርህን ሊጎዳብህ ይችላል።

ቴትራሳይክሊኑ ደግሞ ለምን አልሠራም? አንደኛ፣ የማንቆርቆሪያህን ታች እየው። እኔ ቤት በሁለት ወር ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋገርበታል። ያ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ቴትራሳይክሊን ከእነዚህ ጋር ይጣበቃል፣ ከተጣበቀ ደግሞ አሳው ሰውነት ውስጥ አይገባም። ለሰው ሲታዘዝ ከወተት ጋር እንዳትወስደው የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ብርሃን ያበላሸዋል። የቀላው ውሃ መድኃኒቱ ሲበላሽ ያመጣው ቀለም ነው። ሦስተኛውና ትልቁ፣ የጨው አልባ ውሃ አሳ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ውሃ በቆዳውና በስንጥቡ ራሱ ስለሚገባበት የእሱ ሥራ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ውሃ ላይ የተበተነ መድኃኒት ወደ ሆዱ አይደርስም። አንቲባዮቲክ በእርግጥ ካስፈለገ በምግብ ተለውሶ ነው የሚሰጠው፣ አሳው ገና መብላት ሳያቆም፣ በኪሎው ተሰልቶ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ሳይቋረጥ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ለምሳሌ በምግብ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ነው። ሁለት ቀን ሰጥቶ ሲሻለው ማቆም በጣም መጥፎ ነገር ነው። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ የለመደው ደግሞ አኳሪየምህ ውስጥ ብቻ አይቀርም፣ ውሃውን ስትደፋ ከውሃው ጋር ይወጣል። እኛ ከብት የምናክመው በዚሁ መድኃኒት ነው። ለዚህ ነው ሰው በራሱ ከፋርማሲ ገዝቶ ሲበትን የሚከፋኝ።

ታዲያ መድኃኒት የሚያስፈልገው መቼ ነው? መበስበሱ ክንፉን ጨርሶ ወደ ሥጋው ከገባ። ሰውነቱ ላይ ቁስል ከከፈተ። ወይም ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ እንደበረዳት ዶሮ ላባ ከቆመ። የመጨረሻው ኩላሊቱ እንደተጎዳ ነው የሚያሳየው፣ ከዚያ የሚመለሰው ጥቂት ነው። እነዚህን ካየህ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘኸው ና፣ ወይም ፎቶ ይዘህ ና። እዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ እዚያም መጠየቅ ትችላለህ።

በጎልድ ፊሽህ ጭራ ላይ ያለው ቀይ መስመር ከአሞኒያውም ሊሆን ይችላል፣ ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ውሃው በተስተካከለ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ከደበዘዘ የመጀመሪያው ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ስለ እጅህ። በተለይ ለልጅህ ስል ነው። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ አለ፣ ከአሳ ወደ ሰው ይተላለፋል። ሳንባን አይደለም የሚይዘው። በቁስል በኩል ይገባና ከሳምንታት በኋላ እጅ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ እብጠት ያወጣል። ሐኪም ካልተነገረው ቶሎ አይጠረጥረውም፣ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። ከአሳዎቹ አንዱ እየበላ የሚከሳ፣ ጀርባው የሚጎብጥ ከሆነ ተጠንቀቅ። እጅህ ላይ ጭረት ካለ አኳሪየሙ ውስጥ አትክተት። ውሃ የምትቀዳበትን ጎማ በአፍህ አትሳብ። ልጅቷም ከነካች በኋላ በሳሙና ትታጠብ።


የቦርከና እህት፣ ኮምቦልቻ

እኔም ልናገር፣ አንጀቴን የበላኝ ነገር ስላለ።

ከሐረጎ ቁልቁል ያለነው የእናንተ ብርድ የለብንም፣ ሙቀቱ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ባለፈው ዓመት 11 ሞሊ ነበሩኝ። አንድ ቀን የአንዷ አፍ ዙሪያ ነጭ ነገር ያዘ፣ ጥጥ ይመስላል። ሌላዋ ጀርባ ላይ ደግሞ ልክ የበቅሎ ኮርቻ ያረፈበት ይመስል ግራጫ ነጭ ንጣፍ። ሻጋታ ነው አሉኝ። ነጭ ነገር ከሆነ ሙቀት ጨምሪበት አሉኝ፣ ሂተሩን 30 ላይ አደረግኩት። በሁለት ቀን ሁሉም አለቁ። አሥራ አንዱም። በጠዋት ተነስቼ በመረብ ሳወጣቸው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በኋላ ነው የገባኝ። ሻጋታ አልነበረም፣ ኮሉምናሪስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል። ሙቀት ጨምሩ የሚባለው ለሌላ በሽታ ነው፣ ኢክ ለሚባለው ጥገኛ፣ ሰውነቱ ላይ የጨው ፍሬ የተነሰነሰ ለሚመስለው። ያ ፍሬ ፍሬ ነው፣ ይቆጠራል። ይኼ ግን ንጣፍ ነው፣ ጠርዙ ወደ ቢጫ ይላል። አንዱን በአንዱ ካከማችሁ እንደኔ ነው የሚሆነው። ኮሉምናሪስ ከመሰላችሁ ሙቀቱን ቀስ አድርጋችሁ ወደ 23 ወደ 24 አውርዱት፣ አየር ጨምሩ፣ ጨው አድርጉ፣ የታመመውን ቶሎ ለዩ፣ ለሐኪም ደውሉ። ይህ በሽታ ቀን አይሰጥም።

ወንድሜ፣ ያንተ ጉፒ ጭራው ጫፍ ነው የነጣው ስላልክ ከኔው የተለየ ይመስለኛል። ግን አፋቸውንና ጀርባቸውን በባትሪ አብርተህ እይ።

ስለ መከላከሉ የጠየቅከው ላይ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። ከሱቅ የመጣ አሳ በቀጥታ ወደ ነባሮቹ አይግባ። እኔ አሁን 20 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ ሳፋ አለኝ፣ ስፖንጅ ፊልተር ከነአየሩ ገብቶበታል፣ ላዩ ላይ የወንፊት ጨርቅ። አዲስ አሳ እዚያ 4 ሳምንት ይቆያል። መረቡ ለብቻ ነው፣ የውሃ መቅጃው ለብቻ ነው። መጀመሪያ ትልቁን አኳሪየም እሠራለሁ፣ ሳፋውን መጨረሻ። የሳፋውን ስፖንጅ ከጤነኛው አኳሪየም ወስጄ ነው ያስገባሁት፣ ስለዚህ ደጎቹ ባክቴሪያዎች ከመጀመሪያው ቀን አሉበት።

የፌስታሉ ውሃ ደግሞ አይግባ። ቀኑን ሙሉ የተጸዳዱበት ውሃ ነው። ፌስታሉን ለ15 ደቂቃ ላዩ ላይ አንሳፍፈው፣ ሙቀቱ ይስተካከል፣ ከዚያ አሳውን ብቻ በመረብ አውጣና አስገባ።


ሐይቅ ዳር

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ ነው ያለሁት፣ ትንሽ አኳሪየም መጀመር ፈልጌ ነበር። የሐይቁን ውሃ ብጠቀም አይሻልም? ክሎሪን የለበትም። ዳር ዳር ያለውን ሣርም ነቅዬ ለማስገባት አስቤ ነበር። ቆሮሶና አምባዛ እዚያ በሰላም ይኖራሉ አይደል።


ጦሳ ስር፣ ደሴ

ሐሳብህ ገብቶኛል ግን አይሻልም ወንድሜ። በሐይቁ ውስጥ ያለ አሳ ሲታመም ዞር የሚልበት ሰፊ ውሃ አለው። ያው ባክቴሪያና ጥገኛ 40 ሊትር ውስጥ ሲገባ አሳው መሄጃ የለውም። ሣሩ ላይ ቀንድ አውጣ፣ የቀንድ አውጣ እንቁላል፣ አልቅት ይመጣል። የቧንቧ ውሃ ክፍቱን አሳድረህ ተጠቀም።

በተቃራኒውም እንደዚያው ነው፣ ይህን ሁላችሁም ስሙኝ። የሰለቻችሁን ወይም የታመመባችሁን አሳ ሐይቅ ወይም አርዲቦ ወስዳችሁ እንዳትለቁ። ነጻ ይውጣ ብሎ አዝኖ የሚለቅ ሰው አይቻለሁ። ዓሣ አጥማጆች የሚተዳደሩበት ውሃ ነው። የታመመ አኳሪየም ውሃም መጸዳጃ ቤት ነው የሚደፋው።

ለፒያሳው አባት የረሳሁት አለ። መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ? ፊልተር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር የሚፈልጉ ናቸው። ፊልተሩ ለሰዓታት ከቆመ መሞት ይጀምራሉ፣ ውስጡ ያለው ውሃም ይበላሻል። ከረዥም ጊዜ በኋላ መብራት ሲመጣ ያ ሁሉ በአንዴ ወደ አኳሪየሙ ይረጫል። ስለዚህ ብዙ ከቆየ ፊልተሩን መጀመሪያ አውጣው፣ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው። በቧንቧ ውሃ አይደለም። ሁልጊዜም የሚታጠበው እንደዚህ ነው፣ ነጭ መሆን የለበትም፣ ቡናማው ነገር ነው ሥራውን የሚሠራው። መብራት እስኪመጣ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ በጣሳ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ አፍስስ። እኔ ቤት ልጆቹ ተራ ገብተው ነው የሚያደርጉት።

ሌላው፣ ጎልድ ፊሽና ጉፒ አብረው መኖራቸው። ጎልድ ፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ጉፒ ከ24 እስከ 26። በኅዳር ሌሊት የደሴ ቤት ውስጥ ውሃው ስንት እንደሚሆን ቴርሞሜትር አስገብተህ እይ። ጉፒዎችህ ቶሎ የታመሙት ብርዱም አግዞ ይመስለኛል። ደግሞ ጎልድ ፊሽ ቆሻሻው ብዙ ነው፣ ሁለቱ ብቻቸውን 60 ሊትር ይጠብባቸዋል።


የፒያሳው አባት፣ ደሴ

ቴርሞሜትር ገዛሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ 15 ዲግሪ፣ ቀን ፀሐይ በመስኮት ሲገባ 22። በአንድ ቀን ሰባት ዲግሪ ይወጣል ይወርዳል። ይህን ሁሉ ጊዜ አላወቅኩም።

ዛሬ አንድ ጉፒ ሞተ። የቀሩት አሉ። አፍና ጀርባቸውን በባትሪ አየሁ፣ ነጭ ንጣፍ የለም።


የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ደሴ

አኳሪየሙን ከመስኮቱ አርቀው። ሂተር ስትገዛ በአንድ ቀን 25 ላይ እንዳታደርሰው፣ በቀን አንድ ሁለት ዲግሪ እየጨመርክ ነው። ጎልድ ፊሾቹ እስኪለዩ 22 ላይ አቁመው፣ ለሁሉም ይቻላል። ሂተሩ ዋናው ጥቅሙ ማሞቁ አይደለም፣ ሌሊትና ቀኑ እኩል መሆኑ ነው።

የአሞኒያ መለኪያ የምታገኝ ከሆነ ግዛ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጣ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ መሆን አለባቸው፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች። ከመድኃኒት ይልቅ ለእሱ የምታወጣው ገንዘብ ነው የሚጠቅምህ።


የፒያሳው አባት፣ ደሴ

ሰላም ወገኖች። ሰባት ሳምንት ሆነ፣ የደረስኩበትን ልነግራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት፣ ጥምቀት አልፎ ትንሽ ፋታ አገኘሁ።

ከሁሉም ሁለት ጎልድ ፊሽ፣ ሦስት ጉፒና ሞሊዋ ተርፈዋል። መድኃኒት ሁለተኛ አልገባም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት በየቀኑ ሢሶውን ቀየርኩ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ፣ አሁን በሳምንት አንዴ ሩቡን። መለኪያውን የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት አሞኒያው ወረደና ናይትራይቱ ወጣ፣ ደነገጥኩ፣ ግን ጦሳ ስር እንደጻፈው መሆኑን አስታወስኩ፣ ጨዉም ስላለ ውሃ መቀየሬን ቀጠልኩ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆኑ።

የጎልድ ፊሹ ቀይ መስመር በአምስተኛው ቀን ደበዘዘ። ጭራው መልሶ አድጓል። የሚገርመው አዲሱ ቀለም የለውም፣ እንደ ላስቲክ ያሳያል፣ ጠርዙን ካላስጠጋችሁ አታዩትም። መጀመሪያ ልጄ ናት ያየችው። አባባ ጭራው መስታወት አወጣ አለችኝ። አሁን ቀስ በቀስ ብርቱካናማ እየሆነ ነው።

እሷ ደብተር ይዛለች። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዲግሪውን ትጽፋለች፣ ሁሉም መብላታቸውን ትጽፋለች፣ እጇን ትታጠባለች። ለጎልድ ፊሾቹ 150 ሊትር የሚሆን መስታወት ለሠራተኛ አዘዝኩ። አሮጌውን ስፖንጅ ቆርጬ ግማሹን ወደ አዲሱ አስገባለሁ፣ እንደ ቦርከና እህት።

የቦርከና እህት፣ ሞሊዋ ሆዷ ገፍቷል። ቅርፊቷ አልቆመም፣ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ በደንብ ትበላለች። የወሊድ ይመስለኛል። ጫጩቶቹን እናትየው እንዳትበላቸው የት ነው የማስቀምጣቸው?


የቦርከና እህት፣ ኮምቦልቻ

ማሻአላህ! እንኳን ደስ ያላችሁ። ሳፋው ነጻ ነው አይደል? ከአኳሪየሙ ውሃ ሞልተህ፣ ብዙ የአኳሪየም ሣር አድርገህ እሷን ዛሬውኑ አስገባት፣ ስትወልድ እሷን አውጥተህ ጫጩቶቹን ተዋቸው። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጣም ትንሽ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የተረፈውን ግን በስሪንጅ ሳብና አውጣ፣ አስኳል ውሃ ቶሎ ያበላሻል። ከወለደች ፎቶ ላክልኝ።